ማሙሽ፣ ይህኛውን ብትሰብረውም ግድ የለም

ለምወድህ ወንድሜ፣

ሶፍትዌር ምህንድስና እንደደረሰህ በስልክ የነገርከኝ ዕለት ድምፅህ ውስጥ ደስታውም ስጋቱም ይሰማኝ ነበር። «ሌሎቹ ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ ናቸው፤ እኔ ሊኑክስ የሚባለውን በዓይኔም አላየሁም» ያልከው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ስልኩ እየተቆራረጠ ልነግርህ ያሰብኩትን ስላልጨረስኩ፣ ላፕቶፑን ለሚያደርስልህ ሰው ይህን ደብዳቤ አብሬ ሰጥቼዋለሁ። ረጅም ነው። ኮምፒውተሩን ፊትህ አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ላፕቶፑ አዲስ ባይሆንም ደህና ዕቃ ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ኤስኤስዲው 256 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል። እማዬ ስታየው የምትልህን ከአሁኑ እሰማዋለሁ፤ «እንዳታበላሸው፣ እህትህ ስንት ደክማበት ነው»። እውነቷን ነው። እኛ ቤት ውድ ዕቃ የሚያዘው እንዲህ ነው። የብፌው ብርጭቆ ለእንግዳ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ያድራል፤ ልጅ አይነካም። ሁለታችንም እንዲህ ስላደግን ዕቃ በመጠበቅ ማንም አያክለንም። የመረጥከው ሙያ ግን የሚለመደው በመነካካት ነው። የማታውቀውን ቁልፍ ሳትጫን፣ የሲስተም ፋይል ሳታጠፋ፣ አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ሳታስነሳ፣ በንባብ ብቻ ሶፍትዌር አይታወቅም። የእማዬን ቃል ሳታፈርስ ይህን ሁሉ እንድታደርግ የሚያስችልህ አንድ መንገድ አለ፤ እሱም ላፕቶፕህ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ማቆም ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚነሳ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ኔትወርክ ካርድ፣ ባዮስ እንኳ ሳይቀር አለው፤ ሁሉም ግን በሶፍትዌር የተሠሩ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ አስባት። ተከራዩ የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ አለው፤ ውስጡን ቢገለባብጠው ዋናው ቤት አይነካም። መብራቱና ውሃው ግን ከአንድ ቆጣሪ ስለሆነ እሱ ብዙ ከወሰደ ለዋናው ቤት ያንሳል። ይህን የቆጣሪ ነገር ያዘው፤ ራም ስታካፍል ትመለስበታለህ።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ የሚሠሩ የአይቢኤም መሐንዲሶች ነበሩ። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው የማይቀመስ ዕቃ ነው፤ ሊሠራበት የሚፈልገው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ሲፒ-40 ያሉት ሥርዓታቸው በ1967 ሥራ ሲጀምር፣ አንዱን ማሽን የሚጋሩት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ኮምፒውተር ለብቻቸው የተሰጣቸው ያህል ሆነላቸው። በ1972 ኩባንያው ቪኤም/370 ብሎ ለደንበኞቹ አቀረበው። ላብ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ እየተጋራችሁ፣ ምንም እንዳትጭኑበት ተከልክላችሁ የምትማሩትን ሳስብ ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። ቴክኖሎጂው ከእጥረት የተወለደ ነውና፣ ለእናንተ ከማንም ይልቅ ይገባችኋል።

ላፕቶፖቻችን ውስጥ ያለው የኤክስ86 ፕሮሰሰር ግን መጀመሪያ ለዚህ ታስቦ አልተሠራም። ውስጠኛው ሲስተም ዋናውን ማሽን የሚነካ ትእዛዝ በሰጠ ቁጥር ፕሮሰሰሩ አስቁሞ ለተቆጣጣሪው ሶፍትዌር ማሳወቅ አለበት፤ ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ ይህን መስፈርት በ1974 አስቀምጠውት ነበር። ኤክስ86 ላይ አንዳንዶቹ ትእዛዞች ማንም ሳያስቆማቸው ሾልከው ያልፉ ነበር። በ1998 ቪኤምዌርን የመሠረቱት ዳያን ግሪን፣ ባለቤቷ ሜንዴል ሮዘንብለምና ባልደረቦቻቸው መላ አበጁለት፤ አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች ገና ሳይፈጸሙ ይዘው በማይጎዱ ትእዛዞች ይተኳቸው ጀመር። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ድጋፉን ራሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያ ሥራህ ያንን ድጋፍ ማብራት ነው።

ታስክ ማናጀርን ክፈት፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ስትነካ ከታች ቨርቹዋላይዜሽን የሚል መስመር ታያለህ። አሁን እንዳልበራ ይነግርሃል። ላበራልህ እችል ነበር፤ ባዮስ ውስጥ በገዛ እጅህ እንድትገባ ስለፈለግሁ ተውኩት። ላፕቶፑን አጥፍተህ ስታበራው ኤፍ2ን ደጋግመህ ተጫን፤ ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን ፈልገህ አብራና ለውጡን አስቀምጠህ ውጣ። ያንተ ኢንቴል ነው፤ ኤኤምዲ የያዘ ጓደኛህን ስትረዳ ኤስቪኤም የሚል ስም ፈልግ። ባዮስ ስለተነካ ዊንዶውስ ሲነሳ የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል። እንዳትደነግጥ። 48ቱን አሃዝ በወረቀት ጽፌ የላፕቶፑ ቦርሳ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ፤ ፎቶም አንሳውና ሌላ ቦታ አኑረው።

ዳታ ስንት እንደሚያስወጣህ ስለማውቅ የሚያስፈልግህን ሁሉ ፍላሹ ላይ ጭኜዋለሁ። ቨርቹዋልቦክስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢኖቴክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ኮዱን ለሁሉ ክፍት አድርጎ የለቀቀው፣ ዛሬ በኦራክል እጅ ያለ፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም ነው። ነፃ ስለሆነ ክራክ ፍለጋ አትሄድም፤ በክራክ አብሮ የሚገባውን ቫይረስ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሁለተኛው ፋይል የዙቡንቱ 24.04 አይኤስኦ ነው። ዙቡንቱ ማለት ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 የጀመረው ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ነው፤ ገጽታው ብቻ ቀለል ብሎ ስለተሠራ ራም አያባክንም። ዴቢያን የተባለውን የሌላ ሊኑክስ ትንሽ መጫኛም ጨምሬያለሁ፤ እሷን በኋላ ስትደፍር ትሞክራታለህ። ፍላሽ በመንገድ ሊጎዳ ስለሚችል ከመጫንህ በፊት የፋይሎቹን ኤስኤችኤ-256 ድምር በዊንዶውስ አስላና ወረቀቱ ላይ ከጻፍኩልህ ጋር አስተያይ። 64 ፊደልና አሃዝ ነው። አንዷ እንኳ ከተለየች ያ ፋይል አይታመንም፤ አትጫነው። አሰልቺ ነው ብለህ እንዳታልፈው፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ሳያዩ አያምኑም።

አሁን አዲስ ማሽን ፍጠር። ቨርቹዋልቦክስ ጭነቱን እሱ ራሱ ሊጨርስልህ ይፈልጋል፤ ያንን እንዲዘለው የሚያደርግ ሳጥን አለ፣ ምልክት አድርግበት። የመጀመሪያውን በእጅህ ጫነው። ራም 3 ጊጋባይት ስጠው፤ ዊንዶውሱ ላይ ብሮውዘር ዘግተህ የምትሠራ ከሆነ 4 ልታደርሰው ትችላለህ፣ ከዚያ ካለፍክ ግን ዋናው ሲስተም ይታፈንና ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። ከፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር ይበቃዋል። ዲስኩን 40 ጊጋባይት አድርገው፤ አይነቱ በአጠቃቀምህ ልክ የሚያድገው ይሁን። 40 ብትለውም መጀመሪያ ላይ ከኤስኤስዲህ የሚወስደው የጻፍክበትን ያህል ብቻ ነው። አንዴ ካደገ ግን ውስጡ ያለውን ፋይል ስላጠፋህ ተመልሶ አያንስም፤ ስለዚህ ፊልም አታከማችበት።

ጭነቱ መሀል ላይ አንድ ገጽ ይመጣል። ዲስኩን በሙሉ አጥፍቼ ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ማሙሽ፣ እዚህ ጋ እጅህ እንደሚቆም አውቃለሁ። የእማዬ ድምፅ ይመጣብሃል፤ ዊንዶውሱ የጠፋ፣ ላፕቶፑ የሞተ ይመስልሃል። ትንፋሽ ውሰድና አስብ። ይህ ጫኝ የሚያየው ዲስክ የትኛው ነው? መጠኑን አንብብ፤ 40 ጊጋባይት ይላል እንጂ 256 አይልም። ውስጠኛው ማሽን ስላንተ ኤስኤስዲ የሚያውቀው ነገር የለም። እሱ ዲስክ የሚለው ዊንዶውስ ላይ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ይህ ሲገባህ አጥፋ በለው። ባዶ ዲስክ ላይ ሲስተም ሲያቆም ተቀምጠህ ተመልከት፤ የላፕቶፕህ ባለቤት የምትሆነው ያኔ ነው። የምልህን ለማመን አትቸኩል፤ ሲያልቅ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ዊንዶውስህ በቦታው መሆኑን እይ።

ከተጫነ በኋላ ጥቃቅን ነገር አለ። ማውሱ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ካለህ በቀኝ በኩል ያለውን ኮንትሮል ተጫን። ጌስት አዲሽንስ የሚባለውን ጫን፤ ስክሪኑ ይሰፋልሃል፣ ከዊንዶውስ ኮፒ አድርገህ እዚያ ፔስት ማድረግም ትችላለህ። ሰዓቱን አዲስ አበባ ላይ አድርገው። መስኮቱ ግርጌ የኤሊ ምልክት ካየህ ዊንዶውስ ራሱ ሃይፐር-ቪ በተባለው በኩል የፕሮሰሰሩን ድጋፍ ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው፤ ይሠራል፣ ግን ዘገምተኛ ይሆናል። ሲደርስብህ ደውልልኝ፣ አብረን እንፈታዋለን።

ስናፕሾት ላይ ደርሰናል፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ብዬ ነው ብልህ አላጋነንኩም። ማሽኑ እንደተጫነ፣ ገና ምንም ሳትነካካበት፣ አጥፋውና ስናፕሾት ውሰድ። «ንጹህ» ብለህ ሰይመው። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን አድርግ፤ አንድ ጊዜ «ንጹህ»ን መልስ ስትለው ማሽኑ እዚያች ቅጽበት ላይ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራህ ይህ ነው፤ ስበረው። እንደ አስተዳዳሪ ግባና የሲስተሙ ማዋቀሪያ ያለበትን ኢቲሲ የተባለውን ፎልደር ሙሉ በሙሉ አጥፋ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተህ አስነሳው። እንዴት እንደሚሞት እይ፤ ምን ብሎ እንደሚጮህ አንብብ፣ የትኛው አገልግሎት መጀመሪያ እንደወደቀ ጻፍ። ከዚያ መልሰው። በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር አጥፋ። እኔ የምሠራበት ቦታ ሲስተም ሲወድቅ ፊታቸው የማይለወጥ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ብዙ የወደቀ ሲስተም ያዩ ናቸው። አንተም ያንን ማየት ያለብህ ዛሬ፣ የማንም ገንዘብና የማንም መረጃ በሌለበት ቦታ ነው።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ግን ስማኝ። ቨርቹዋልቦክስ የዊንዶውስን ፎልደር ወደ ውስጥ ማጋራት ይችላል። ያጋራኸው ፎልደር ግድግዳ የለውም፤ ከውስጥ ስታጠፋው ከዊንዶውሱም ይጠፋል። ማፍረስ ስትለማመድ ምንም ፎልደር እንዳልተጋራ አረጋግጥ። ኮድህንም እዚያ የተጋራ ፎልደር ውስጥ አትጻፍ። ዘገምተኛ ነው፣ የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ በትክክል አይዝም፣ ፋይል ሲለወጥ አይተው ራሳቸውን የሚያድሱ መሣሪያዎችም ከዊንዶውስ በኩል የመጣውን ለውጥ አያዩትም። ኮድህ ውስጠኛው ማሽን ላይ፣ በራስህ ሆም ፎልደር ይቀመጥ፤ በየማታው በጊት ወደ ጊትሃብ ላከው። ስናፕሾትን መጠባበቂያ ነው ብለህ እንዳትታለል። የሚቀመጠው እዚያው ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ኤስኤስዲው ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ሲበዛም ቦታ ይበላል። ሁለት ሦስት ይበቃሃል፤ የማያስፈልግህን አጥፋ።

ስለ ኢንተርኔቱ ደግሞ ማንም ሳይነግርህ ካርድህን የሚጨርስብህ ነገር አለ። ውስጠኛው ማሽን ኢንተርኔት የሚያገኘው በዊንዶውሱ በኩል ነው፤ ኤንኤቲ ይባላል። ለእሱ ግን ሁልጊዜ በገመድ የተገናኘ ነው የሚመስለው። አንተ ከስልክህ ሆትስፖት ከፍተህ የዕለት ፓኬጅ እየቆጠብክ መሆንህን አያውቅም። ዊንዶውስን «ይህ በክፍያ የሚለካ ኔትወርክ ነው» ብለህ ብታዘው እንኳ ሊኑክሱ ዝመናውን ዝም ብሎ ሊያወርድ ይችላል። ሆትስፖት ላይ ስትሆን ከቨርቹዋልቦክስ ሜኑ የኔትወርኩን ገመድ የሚነቅል ምርጫ አለ፤ ንቀለው። የግቢው ዋይፋይ ደህና በሚሆንበት ሰዓት መልሰህ ሰካውና ዝመናውንም የሚያስፈልጉህን ፕሮግራሞችም አንድ ላይ አውርድ። በዚያው አዲስ ስናፕሾት ውሰድ፤ ከፍርስራሹ ስትመለስ ያን ሁሉ ዳታ እንደገና አታወጣም።

መብራት ሲሄድም ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቅ። መስኮቱን ስትዘጋ የማሽኑን ሁኔታ አስቀምጥ የሚል ምርጫ ይሰጥሃል። የተከፈተው ፋይል፣ የሚሮጠው ፕሮግራም፣ ጠቋሚው የቆመበት መስመር ሁሉ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ መብራት ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላለህ። አሁን የምሠራበት አገር መብራት ብዙም ስለማይጠፋ እዚህ ያሉት ይህን አገልግሎት እምብዛም አይነኩትም። ላንተ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ሲኒየሮቹ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤል ተጠቀም ይሉህ ይሆናል። መጥፎ አይደለም፤ ፈጣን ነው፣ እኔም ለሥራ እጠቀምበታለሁ። ለመማር ግን አልመርጥልህም። ሲስተሙ እንዴት እንደሚነሳ፣ ዲስክ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ኔትወርክ እንዴት እንደሚዘረጋ ሸፍኖ ነው የሚያቀርብልህ። ዶከርንም ስሙን ትሰማለህ። እሱ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ሌላ መንገድ ነው፤ ኮንቴይነሮቹ የማሽኑን ከርነል ይጋራሉ፣ የራሳቸው የላቸውም። ከርነል ምን እንደሆነ ቨርቹዋል ማሽንህ ላይ በዓይንህ ካየህ በኋላ ዶከር በቀላሉ ይገባሃል።

ሁለት ሳምንት ያህል ከሠራህበት በኋላ የምጠይቅህ ከበድ ያለ ነገር ነው። የጫንከውን ሁሉ፣ ጊቱን፣ ፓይተኑን፣ ዳታቤዙን፣ የለወጥከውን ማዋቀሪያ፣ አንድ የሼል ስክሪፕት ውስጥ በቅደም ተከተል ጻፈው። ስክሪፕቱን ጊትሃብ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ማሽኑን ከነስናፕሾቱ ሙሉ በሙሉ ደምስሰው። አዎ፣ የደከምክበትን። ዙቡንቱን እንደገና ጫንና ስክሪፕቱን አስሂደው። መሀል ላይ ይቆማል፤ የረሳኸው አንድ ነገር ይኖራል። አስተካክልና እንደገና ጀምር። ምንም ሳትነካው ከዳር እስከ ዳር የሄደ ቀን፣ ከማሽኑ የሚበልጥ ነገር በእጅህ አለ፤ ማሽኑን ከባዶ የሚያቆም እውቀት፣ ያውም በጽሑፍ። ሚቸል ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ቫግራንት የተባለውን መሣሪያ ያወጣው ይህንኑ ሥራ ለማቃለል ነው። እሱንም ትደርስበታለህ፤ መጀመሪያ በራስህ ስክሪፕት ድከም። ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ውሃ ቢፈስበት፣ አሮጌ የሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠህ በአንድ ማታ ሥራህን ትመልሳለህ። ይህን ስልህ ዕቃው ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ ስንት ወር እንዳጠራቀምኩበት እማዬ ታውቃለች። ግን ያ ዕቃ ከሌለ ምንም አይደለሁም ብለህ እንድታስብ አልፈልግም።

ማሽኑ ያንተ ነውና በአማርኛም ፈትነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ሊኑክሱ ያለ ችግር ያነበዋል። ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 አንዷ ፊደላችን ሦስት ባይት ትወስዳለች፣ የላቲኗ አንድ። የስም ቦታ በባይት ቆጥሮ የገደበ ፕሮግራም የአያትህን ስም መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል። «ፀሐይ»ን የሚፈልግ ሰው «ጸሀይ» ተብላ የተመዘገበችውን ያገኛታል ወይ? የሌላ አገር መጽሐፍ ይህን አያስተምርህም። ዳታቤዝ ስትማር የመጀመሪያ ሠንጠረዥህን በሰፈራችን ሰዎች ስም ሙላውና እይ።

የመጀመሪያውን የሞት መልእክት፣ ኢቲሲን ያጠፋህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሰዓቱ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ግድ የለም። ጓደኞችህንም አስተምር፤ ፍላሹን ለሚፈልግ ሁሉ አውስ። እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። ተበላሸ ሲባል ከሰማች እንዳትደነግጥ፣ ዊንዶውሱ በቦታው መሆኑን ከፍተህ አሳያት።

የምትወድህ እህትህ

ሌላው፦ የቻርጀሩ ሶኬት የአሜሪካ ስለሆነ ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። ማስማሚያ ቦርሳው ውስጥ ከትቻለሁ። ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ትራንስፎርመር አያስፈልግህም።